አንድ ካሜራ ለ58 ተማሪ፦ ለልጆቹ ልስጣቸው ወይስ ልቆልፍበት?

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። አራተኛ ክፍል፣ አካባቢ ሳይንስ። ክፍሌ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። እህቴ ከአሜሪካ መጥታ ስትመለስ አሮጌ ዲጂታል ካሜራዋን ትታልኝ ሄደች። በሁለት የሪሞት ድንጋይ የሚሠራ፣ ስልክ በየኪሱ ከገባ ወዲህ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ዓይነት ነው። ሲም የለው፣ ኢንተርኔት አያውቅ። ፎቶ ያነሳል፣ አጭር ቪዲዮ ይቀርጻል፣ በቃ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። በየዓመቱ ቦሎቄ በእርጥብ ጥጥ ላይ እናበቅላለን። በየዓመቱም ልጆቹ የሚያስታውሱት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን ነው። መሃሉ ይጠፋል። መጀመሪያ የወጣው ሥሩ ነው ወይስ ቅጠሉ ብዬ ስጠይቃቸው ግማሹ ቅጠሉ ይለኛል፣ ዓይኑ የገባው እሱ ነዋ! እና በየቀኑ ራሳቸው ፎቶ ቢያነሱትስ? ዩኒት ሊደራችን ይሰብሩታል ባይ ነው። አንዷ ባልደረባዬ ደግሞ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ፎቶ ከማስነሳ ምዕራፉን ብጨርስ እንደሚሻለኝ ነገረችኝ። የሞከራችሁት ካላችሁ እስኪ ንገሩኝ።

ተጨማሪ፦ ክሩ (ይህ ውይይት) 43 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚመጣው ሰው ከላይ ማንበብ እየታከተው ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በራሴ አፍ ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።

መልስ 1 ከሀዋሳ ነው። በጣም ጨዋ ሰው። አበረታታኝ፣ ግን ወዲያው አንድ ነገር ጠየቀ፦ ልጆቹን በቡድን ከፋፍያለሁ ወይ? አልከፋፈልኩም ነበር።

መልስ 2 ሒሳቡን ሠራልኝ። 58 ልጅ በስድስት በስድስት ሲቦደን አሥር ቡድን ይሆናል፣ ሁለቱ ቡድን አምስት አምስት ሆኖ። አሥሩም በአንድ ክፍለ ጊዜ ካሜራውን ይንኩ ከተባለ ለአንዱ ቡድን አራት ደቂቃ ነው፣ እሱም ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ያልቃል። ስለዚህ በቀን ሁለት ቡድን ብቻ ያንሳ፣ በሳምንት ሁሉም ይደርሰዋል አለ። አንዱ ያነሳል፣ አንዱ ማስመሪያ ከብርጭቆው ጎን ይይዛል፣ አንዱ ቀኑን ጽፎ ከሥር ያስቀምጣል፣ የቀሩት ደብተር ላይ ይሥላሉ። ካሜራው የሚቆምበትን ቦታ በጠመኔ ማስመር እንዳልረሳም አስጠነቀቀኝ፣ አለበለዚያ አንድ ቀን ከቅርብ ሌላ ቀን ከሩቅ ይነሳና ተክሉ ያጠረ ይመስላል። የድሮውን አንድ ለአምስት አደረጃጀት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ አዋልነው ብሎ ቀልዷል። ከክሩ ሁሉ የተጠቀምኩት በዚህ መልስ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

መልስ 3 በር ዘጋ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ (ክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት) መጣ ሲባል እልል ብለን ተቀበልን፣ ምን ተረፈን? መምህሩ በር ላይ ቆሞ ቴሌቪዥን የሚያበራ ዘበኛ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ካሜራ! ነው ነገሩ በአጭሩ።

መልስ 4 በትህትና አረማቸው። ፕላዝማው የተተከለው ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ። የታችኞቹ ክፍሎች የሚያውቁት ትምህርት በሬዲዮን ነው። ደግሞም የፕላዝማው ችግር ምስል መሆኑ ሳይሆን ልጁን የማይጠብቅ መሆኑ ነበር፦ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ የገባው ገባው፣ ያልገባው ቀረ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ያ ከሳተላይት ይወርድ ነበር፣ ይሄ ከልጁ እጅ ይወጣል። በመልስ 5 መምህሩ ተመልሰው መጡ። ልዩነቱ እንደገባቸው፣ ግን ድንጋይ ሲያልቅ ማን ይገዛል የሚለው ጥያቄ እንዳለ እንደሆነ ጻፉ። እውነታቸውን ነው። የምገዛው እኔ ነኝ።

መልስ 6 ሜሪላንድ የምትኖር እናት ናት፣ እዚያ ለብዙ ዓመት የመምህር ረዳት ሆና ሠርታለች። የመጀመሪያው የትምህርት ቤታቸው ካሜራ ፎቶውን ፍሎፒ ዲስክ ላይ የሚጽፍ የሶኒ ማቪካ ነበር፣ እሱም በ1997 የወጣ (የፈረንጆቹ 1997፣ የፕላዝማው አይደለም፣ ሁለት ሰው ተምታቶበታል)። የዲስኩ አቅም 1.44 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ከማንሳታቸው በፊት ያስቡ ነበር። ዛሬ ልጇ በስልክ ሰማንያ ፎቶ አንስቶ አንዱንም መልሶ አያይም። በዚህ ምክንያት የኔን ካሜራ ሚሞሪ አውጥቼ ትንሹን እንዳስገባበት መከረችኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ በኋላ አደረግሁት። አሁን ሕጋችን ለአንድ ቡድን በቀን ሦስት ፎቶ ነው። ክርክሩን ብትሰሙት! የቱን እናጥፋ፣ የቱ ጠራ፣ የማን ጣት ገባበት። ያ ክርክር ራሱ ትምህርት ነው።

እዚህ ላይ ክሩ ትንሽ ሳተ። መልስ 7 ዲጂታል ካሜራን የፈጠሩት ጃፓኖች ናቸው አለ። መልስ 8 ዘለለበት፦ በፈረንጆቹ 1975 ኮዳክ ውስጥ ስቲቨን ሳሰን የሚባል ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው የሠራው፣ አንዱን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካሴት ላይ ለመጻፍ 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፣ ጥራቱም 0.01 ሜጋፒክስል። የሚገርመው ልጆቼ ከዚህ ሁሉ የወደዱት ይህንን ነው። 23 ሰከንድ አስቆጠርኳቸው፣ ማንም ሳይነቃነቅ። 58 ልጅ ለ23 ሰከንድ ዝም ሲል ዩኒት ሊደሩ ምን ሆናችሁ ብሎ በር ከፈተ።

ከመልስ 9 እስከ 12 የዕቃ ጉዳይ ነው። ተራ የሪሞት ድንጋይ ዲጂታል ካሜራ ውስጥ ቶሎ ይሞታል፣ ቻርጅ የሚደረገውን ግዢ። ፎቶ ለማየት ኮምፒውተር አያስፈልግም፣ አሮጌ ካሜራ ከሆነ ከቴሌቪዥን የሚገናኝበት ቢጫና ነጭ ገመድ አብሮት አለ። ማሰሪያው እጅ ላይ ካልገባ ካሜራው ከጠረጴዛ አይነሳ። ገመዱን እህቴ ሻንጣ ውስጥ አገኘነው፣ ሚኒ ሚድያ ክፍል ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ሰካነውና ሠራ።

መልስ 13 ቴክኖሎጂ ነፍሱ የሆነ ልጅ ነው። ስልክ በማስደገፊያ አቁሜ በየ30 ደቂቃው እንዲያነሳ ብሞላው በቀን 48፣ በሰባት ቀን 336 ፎቶ ይሆናል፣ በሰከንድ 24 እያደረግን ብናጫውተው 14 ሰከንድ ሙሉ ቦሎቄው ሲፈነዳ እናያለን አለ። ሒሳቡ ልክ ነው። መልስ 14 ግን አላሳለፈውም። ማታ መብራት ቢጠፋስ? ቅዳሜና እሁድ ስልኩን ማን ይጠብቃል? ይሄን እንኳ እንለፈው፣ ማሽኑ ካየው ልጁ ምን ሊያይ ነው? ቅዳሜና እሁድ ባዶ መቅረቱ ጥሩ ነው ባይ ናት፣ ልጁ አርብ ያነሳውንና ሰኞ ያነሳውን ጎን ለጎን አድርጎ መሃል ላይ ምን እንደሆነ ራሱ ይገምት። እኔ ከመልስ 14 ጋር ነኝ። የ14 ሰከንዱ ቪዲዮ ያምራል፣ አልክድም። ግን ያለቀለት ነገር ነው፣ ልጁ የሚሞላው ቦታ የለውም።

መልስ 15 ባሕር ዳር ያለ የሒሳብ መምህር ነው፣ በራሱ ስልክ ያደረገውን ጻፈ። ልጆቹን ግቢው ውስጥ ለቆ ሹል ዘዌና ዝርጥ ዘዌ አድናችሁ አምጡ አላቸው። መሰላል፣ የጣራ ማገር፣ የተከፈተ መቀስ፣ በግማሽ የተከፈተ በር አመጡ። አንዷ የጓደኛዋን የታጠፈ ክርን አመጣች፣ እጁ ሲዘረጋ ዘዌው እንደሚሰፋ ለማሳየት ሦስት ጊዜ አንስታ። ዘዌ ማለት የመስመሮቹ ርዝመት ሳይሆን ክፍተቱ መሆኑን በሰሌዳ ሁለት ሳምንት ሲያስረዳ ኖሮ በአንድ ክርን ገባቸው።

መልስ 16 ንባብ አመጣች። ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ልጆቹ ሲያነቡ ቪዲዮ ቀርጻ መልሳ ታሳያቸዋለች፣ የት እንደሚደናቀፉ ራሳቸው ይሰሙታል፣ በወር ውስጥ የመጀመሪያውንና የአሁኑን ስታሳያቸው ደስታቸው ሌላ ነው። ቆንጆ ነው። ግን መልስ 17 ውስጤን ነካኝ። እሱም እንዲሁ አድርጎ ነበር፣ ክፍል ፊት አጫወተው፣ አንድ ልጅ ሲንተባተብ ሳቁበት። ልጁ ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ድምፁን ከፍ አድርጎ አላነበበም። የመምህሩ ምክር አጭር ናት፦ መጀመሪያ የሚያየው ራሱ ልጁ ይሁን፣ ማጥፊያዋን የሚጫነውም እሱ።

መልስ 18 ካሜራውን ወደ መምህሩ አዞረው። በ1990ዎቹ በፈረንጆቹ አጋማሽ በጀርመን፣ በጃፓንና በአሜሪካ 231 የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎች ተቀርጸው እንደተጠኑ፣ እኛም ራሳችንን ቀርጸን ብናይ ልጅ ከመቅረጽ በፊት የምናፍርበት እንደማናጣ ነገረን። መልስ 19 የተቀረጸው 8ኛ ክፍል እንጂ አንደኛ ደረጃ የታችኛው ክፍል አይደለም ብሎ አረመው፣ ሐሳቡን ግን ደገፈ። ኮሌጅ እያለን ማይክሮ ቲቺንግ (አጭር የማስተማር ልምምድ) ብለው ያስጨነቁን ነገር መነሻው ቪዲዮ እንደነበረም አስታወሰን፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ። እኛ የተማርነው ያለ ካሜራ ስለነበር ማንም ይሄን ልብ አላለውም። ለማንኛውም እኔ ራሴን 12 ደቂቃ ቀረጽኩ። በ12 ደቂቃ ውስጥ የግራውን ረድፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ሌላ አልናገርም።

ከዚያ መልስ 20 መጣ፣ ክሩም ነደደ።

ሰውዬው መምህር ነው፣ የክፍሉን ልጆች ቲክቶክ ላይ ይለቃል። ሲዘፍኑ፣ ሲመልሱ፣ ሲሳሳቱ። አልደበቀም፣ ኮራበት እንጂ። ልጆቹ ይወዱታል፣ ወላጆች ይወዱታል፣ ቪዲዮውን አይቶ አንድ ውጭ አገር ያለ ሰው ለክፍሉ ደብተር ገዝቶ ልኳል፣ እናንተ በቦሎቄ ፎቶ ስትጫወቱ እኔ ደብተር አመጣሁ ነው የሚለው።

21 እና 22 በስድብ ነው የመለሱለት፣ አልደግመውም። መልስ 23 ረጋ ብላ ጠየቀችው፦ ደብተሩ ሲታደል ልጆቹ ሰልፍ ላይ ቆመው ተቀርጸዋል ወይ? ተቀርጸዋል። ጫማ የሌለው ልጅ ከፊት ቆሟል ወይ? ለዚህኛው መልስ አልሰጠም። እሷ ግን ቀጠለች፣ በልጅነቷ እርዳታ ስትቀበል ፎቶ ተነስታ ነበር፣ ፎቶው አንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለዓመታት ተሰቅሎ ኖረ፣ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ሆና እንኳ በዚያ መንገድ አታልፍም።

መልስ 24ን ስታነቡ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ ሰፈር የቀየረች እናት ናት። ልጇን አዲስ ትምህርት ቤት አስገባች፣ ለማንም አልተናገረችም። አንድ መምህርት በደግነት የክፍሉን ቪዲዮ ለቀቀች። የልጁ ስም አልተጠራም። ግን ዩኒፎርሙ አለ፣ ደረቱ ላይ ያለው አርማ አለ። ሰውዬው በሳምንቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ የሆነውን አልጻፈችም፣ ማንም አልጠየቃትም።

መልስ 25 ሦስት ቃል ናት፣ አዝናለሁ እህቴ ይቅርታ። የጻፈው የመልስ 20 ባለቤት ነው። 26 በዚህም አልረካም፣ ይቅርታውን ትተህ ቪዲዮዎቹን አውርድ አለው። በ27 አውርጃለሁ ብሏል። አላጣራሁም።

መልስ 28 የሕግ ሰው ይመስለኛል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ የልጁ ደህንነት መቅደም አለበት ይላል፣ የግል ሕይወት መከበር ደግሞ አንቀጽ 26 ላይ አለ፣ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ቲክቶክ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካውንት እንዲከፍት አይፈቅድም፣ መምህሩ በራሱ አካውንት የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ሲለቅ ግን ማን ያግደዋል? መልስ 29 አወያዩ ነው፣ ስድብ የጻፉትን አስጠነቀቀ።

መልስ 30 የሜሪላንዷ እናት እንደገና። እዚያ ዓመቱ ሲጀመር ለፎቶ ፈቃድ የሚጠይቅ ወረቀት ይመጣል፣ ትፈርማለህ ወይም አትፈርምም። እሷ አንድ ዓመት እምቢ አለች። ልጇ የክፍሉ ፎቶ ሲነሳ ጥግ ላይ ተቀመጠ፣ ቤት መጥቶ አለቀሰ። ወረቀት ሁሉን አይፈታም። መልስ 31 በተጨማሪ ስልክ ፎቶው ውስጥ ቦታውን ሊመዘግብ እንደሚችል፣ የኔ ዓይነቱ አሮጌ ካሜራ ግን ቦታ የሚያውቅበት ነገር እንደሌለው ጻፈ። ድህነት አንዳንዴ ይጠብቃል ማለቱ ነው መሰለኝ።

በዚህ ሁሉ ተናድጄ መልስ 32 ላይ ሕግ አወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ ክፍሌ ውስጥ ፊት አይነሳም። ዕቃ፣ ተክል፣ እጅ፣ ደብተር ብቻ። ሚሞሪው ከግቢ አይወጣም። ሃያ ሰው ወደደልኝ። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

መልስ 33 መስማት የተሳናቸው ልጆችን ታስተምራለች። አልተቆጣችም፣ ያ ደግሞ ባሰብኝ። የእኔን ሕግ እሷ ክፍል ብናወርደው ትምህርቱ ራሱ ይቆማል አለች። የምልክት ቋንቋ ደብተር ላይ አይጻፍም። ተማሪዋ ትናንት የተማረውን ምልክት ቤት ሄዶ የሚደግመው በምንድን ነው? እናትና አባቱ ቋንቋውን አያውቁም፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል እንቅስቃሴውን አያሳይም። ስለዚህ ትቀርጻለች፣ የቤት ሥራውን በቪዲዮ ትልካለች፣ ልጁም መልሱን በቪዲዮ ያመጣል። እና ፊት አታንሱ ማለት አይቻልም፣ ምልክት በእጅ ብቻ አይነገርም። ቅንድብ አለ፣ አፍ አለ፣ የጠየቀና የተናገረ ልጅ የሚለየው ከፊቱ ነው። እጁን ብቻ መቅረጽ ግማሹን ቃል መቁረጥ ነው።

34 ላይ የፕላዝማው መምህር ይህን ሳላነብ ስናገር ኖሬአለሁ ብለው ጻፉ። 35 ላይ እኔ ሕጌን አነሳሁት። አሁን ያለው እንዲህ ነው፦ ማን ያየዋል የሚለው ይቀድማል። በወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ስብሰባ ለወላጆች በቃሌ አስረዳሁ፣ ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀት መበተኑ ለይስሙላ ይሆንብኝ ነበር። ካሜራውን አዙረው አዩት። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸው ዓይን እንዳይገባበት ፊቱ እንዳይነሳ ጠየቁ። እሺ አልኳቸው። ለምን ብዬ አልተከራከርኩም።

ከ36 እስከ 40 ሰው ስለ ጉርድ ፎቶ ማውራት ጀመረ። ለሚኒስትሪ ፈተና ፎቶ ቤት ሄደን ሳንስቅ፣ ሳንተነፍስ፣ ከፎቶ ቤቱ ኮት አውሰን ለብሰን የተነሳነው። ኮቱ ለሁሉም አንድ ስለነበር የአንድ ሰፈር ልጆች ሁሉ በአንድ ኮት ነው 8ኛ ክፍል የተፈተኑት። 39 ያ ፎቶ አሁንም አለኝ አለ፣ ለጥፈው አሉት፣ እምቢ አለ።

መልስ 41 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን፦ ቦሎቄው በቀለ ወይ? በቀለ። ከአሥሩ ብርጭቆ ሰባቱ። የቀሩት ሦስቱ ሸተቱ፣ ውሃ በዝቶባቸው። ማን አበዛው ስል ማንም አላመነም፣ ግን የአራተኛው ቀን ፎቶ ጥግ ላይ ቢጫ አምባር ያላት እጅ ጆግ ይዛ ትታያለች። ባለአምባሯ ፎቶውን ስታይ የተናገረችው አስቆኛል፣ ጠምቶት መስሏት ነው። ሥሩ በሁለተኛው ሰኞ ጠዋት ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ወጥቷል፣ ቅጠል የሚባል ነገር ገና የለም። ዘንድሮ ሥር ወይስ ቅጠል ብዬ ስጠይቅ መልስ አልሰጡኝም፣ ሄደው ቴሌቪዥኑን አበሩት።

መልስ 42 ልጆቹ ራሳቸው የፈለጉትን እንዲያነሱ ፈቅጄ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አንድ አርብ ሞክሬዋለሁ። ካነሱት ውስጥ አሥራ አንዱ የኔ ጫማ ነው። ከእነሱ ቁመት ሲታይ ለካ እኔ በአብዛኛው ጫማ ነኝ፣ ሶሉ መላቀቁንም ያወቅሁት ከዚያ ፎቶ ነው።

መልስ 43 ካሜራው ይሸጣል ወይ ይላል። አይሸጥም።